ከድንበር ድንጋዩ ወዲያ

ጋሽ መዶሻ በሰባ አንድ ዓመታቸው በኤሌክትሪክ ብስክሌት ተራራ ሊያቋርጡ ነው ሲባል ያልሳቀ የሰፈር ሰው አልነበረም። ፋርማሲስት ልጃቸው ግን ለማንም ሳቅ ደንታ ሳይሰጣት ሁለት የተራራ ብስክሌት ተከራይታ በራቸው ላይ አቆመች። ጉልበታቸው ከከዳቸው ስድስት ዓመቱ ነው፤ አፋቸው ግን እንደ ድሮው ነው። ብስክሌቷን ዞር ዞር ብለው አዩ፣ ባትሪዋን በጣታቸው መታ መታ አደረጉና በተውሶ ጉልበት መሮጥ በዚህ ዕድሜ ያሳፍራል አሉ። አሳፍሯቸው ግን አልቀሩም፤ ሄልሜቱን ደፍተው ወጡ።

መዶሻ የተባሉት በከንቱ አይደለም። ባቡር በነበረበት ዘመን ሀዲድ ፈታሽ ነበሩ። በየማለዳው መዶሻቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ብረቱን እየመቱ ድምፁን እየሰሙ፣ የላላውን ብሎን እያጠበቁ ስምንት ኪሎሜትር በእግራቸው ይሄዳሉ። የእሳቸው ድርሻ ሰባተኛው ክፍል ነው። የስምንተኛው ክፍል ፈታሽ ደግሞ ከወዲያኛው ጫፍ ተነሥተው ይመጣሉ። ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ድንበር ድንጋዩ ዘንድ ይገናኙና የክፍላቸው ቁጥር የተቀረጸበትን የነሐስ ምልክታቸውን ይለዋወጣሉ። የጎረቤቱን ነሐስ ይዞ ያልተመለሰ ሰው መስመሩን እስከ ጫፍ አልሄደም ማለት ነው፤ ደመወዙ ይቆረጣል። ድንጋዩን አልፎ መሄድ ግን ለሁለቱም ክልክል ነው። አንዱ ለሌላው የማዶ ሰው ስለሆነ እርስ በርሳቸው «ማዶ» ይባባሉ ነበር።

ከነሐሱ ቀጥሎ ምሳ ነው። አቤት ያ ምሳ! ጋሽ መዶሻ እስከ ዛሬ ሲያወሩት ምራቃቸውን ይውጣሉ። ማዶ ትኩስ ዳቦና በወረቀት የተጠቀለለ ኮክ ከከረጢታቸው ያወጡና «ሚስቴ ናት የላከችልህ፤ ያ ሰውዬ ከስቷል ትላለች» ይላሉ። በግቢያቸው አሥራ አራት የኮክ ዛፍ አለ፤ የቤቱ በር ሰማያዊ ነው፤ ሴቷ ልጅ ጎበዝ ናት፣ ወንዱ ለዘፈን እንጂ ለሥራ አልተፈጠረም። ጋሽ መዶሻ ያንን በዓይናቸው ያላዩትን ቤት ከገዛ ቤታቸው ይበልጥ ያውቁት ነበር። ሴትዮዋን ጥርሷን ባመማት ጊዜ እንኳ ቅርንፉድ ቋጥረው ልከውላታል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሄደ።

ከዚያ መስመሩ ተዘጋ። መሥሪያ ቤቱ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ለጣቢያው መጋዘን ጥበቃ እንደሚያስቀርና ተነጋግረው እንዲወስኑ ነገራቸው። የጋሽ መዶሻ ልጅ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ማዶ ለአፍታ እንኳ አላመነቱም።

«አንተ ግባበት» አሉ። «እኔ ጓሮዬ ይበቃኛል። ልጆቼም ደርሰውልኛል።»

ጋሽ መዶሻም ገቡበት። በዚያ ደመወዝ ልጅ ተማረች፣ ቤት ቆመ፣ ሚስታቸውም ስትታመም ታክማ፣ ቀኗ ሲደርስ በክብር ተቀበረች። ደብዳቤ ጽፈው ነበር፤ ማዶ ሁለት ጊዜ መለሱና ጠፉ። ሄደው እንዳይጠይቁ ደግሞ ያቺን ሴት ቀና ብለው ማየት ፈሩ። የባሏን እንጀራ የወሰዱባት እሳቸው ናቸዋ! ሃያ ሁለት ዓመት ሲያፍሩ ኖረው፣ ሀዲዱ ተነቅሎ መስመሩ የብስክሌት ረጅም ጉዞ መንገድ ሆነ ሲባል ነው ልባቸው የቆረጠው። ለልጃቸውም ቤቷ ገብቼ፣ ፊቷ ቆሜ ሳላመሰግናት አልሞትም አሏት።

የመጀመሪያውን አቀበት ሞተሩን አጥፍተው ሞከሩት። መቶ ሜትር ሳይሞላ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ አለና፣ ያ ቁልፍ የቱ ጋ ነበር ያልሽኝ ብለው በለሆሳስ ጠየቁ። ሲጫኑት አንድ ሰው ከኋላ ኮርቻቸውን ይዞ የሚገፋቸው መሰላቸው። ልጃቸውን ብስክሌት ሲያስተምሯት እሳቸውም እንዲሁ ይገፏት ነበር። አሁን እሷ ከኋላ ሆና፣ አባዬ ማርሽ ቀንስ፣ አባዬ ውኃ ጠጣ ትላለች።

በሰባተኛው ክፍል ግን ማን ይቻላቸው! በየቆሙበት ታሪክ ነው። ጎርፍ አፈሩን ሸርሽሮት ቀይ ጨርቅ እያውለበለቡ ባቡር ያቆሙት እዚህ፣ የሠርጋቸው ሳምንት እንቅልፍ ጥሏቸው አለቃ የያዛቸው እዚያ። ያ ሁሉ ብረት የት ደረሰ እያሉ አፈሩን በጫማቸው ጫፍ ጫሩት። ልጅቷ እንዲህ እየቆምክ ከሄድክ ባትሪው ሳይሆን ዕድሜያችን ያልቃል ብትላቸውም አልሰሟትም። ያ ዘመን እንዳማራቸው ሳይጠግቡት ነው ያለፈው።

ድንበር ድንጋዩ ዘንድ ሲደርሱ ፍሬን ያዙ። ልጅቷ አልፋ ሄዳ ዞር ብትል፣ አባቷ አንድ እግራቸውን መሬት አስነክተው ቆመዋል። ምነው ስትላቸው ክልክል ነው አሉ፤ ከዚያ ራሳቸው ሳቁና ተሻገሩ።

ከድንጋዩ ወዲያ የባቡሩ ዋሻ ስለተደረመሰ መንገዱ ተራራውን ይዞ ይወጣል። ጠጠሩ ያንሸራትታል፣ ሞተሩ ያቃስታል፣ ባትሪዋ እየወረደች እየወረደች አንዲት መስመር ቀራት። ብስክሌቷን እንደምንም ገፍተው የተጓዦች ማረፊያ ደረሱ። ማረፊያው የስምንተኛው ክፍል ፈታሽ የድሮ ቤት እንደሆነ ሰሌዳ ላይ ተጽፏል። ጋሽ መዶሻ ሸሚዛቸውን አስተካከሉ።

ቤት ከተባለ ቤት ነው። በአንድ ወገን ቋጥኝ፣ በሌላው ወገን ገደል፣ በመካከሉ አራት እርምጃ በሦስት የሆነች አንዲት ክፍል። እንኳን አሥራ አራት ዛፍ፣ አንድ ጎመን የሚተከልበት አፈር የለም። የማረፊያዋ ጠባቂ ባትሪዎቹን ለመሙላት ሰክታ ሻይ ቀዳችላቸው። ጋሽ መዶሻ ልጆቹ የሚተኙበት ሌላው ክፍል ፈርሶ ነው ወይ ብለው ጠየቋት።

«የማን ልጆች አባባ?» አለች። «እዚህ የኖሩት ሰውዬ እኮ ሚስትም ልጅም አልነበራቸው። አባቴ ባለሱቅ ነበር፤ በጭነት ባቡር ዱቄትና ኮክ ይልክላቸው ነበር። ብቻህን ይህን ሁሉ ኮክ ምን ታደርገዋለህ ሲላቸው፣ እንግዳ አለብኝ ይሉት ነበር።»

ጋሽ መዶሻ መጀመሪያ የተሰማቸው ንዴት ነው። ዋሾ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት! ቅርንፉዱንስ ማን አኘከው? ተነሥተው ደጁን ሁለት ጊዜ ዞሩት፤ ሦስተኛውን ሳይጨርሱ ደፉ ላይ ቁጭ አሉ። ያ ሰው ከዚህ ጉድጓድ ሌሊት ተነሥቶ ለአንድ ሰዓት ወሬ ሲል ዳቦ ጋግሮ፣ ስምንት ኪሎሜትር ተሸክሞት ይመጣ ነበር። ሥራውንም ሲለቅላቸው የሚገባበት ጓሮ አልነበረውም።

ልጅቷ አጠገባቸው ተቀመጠችና፣ አንተ ሥራውን እንድትወስድ ብለው ነው የዋሹህ አለቻቸው።

«አይ ልጄ» አሉ። «ሥራው ሲመጣ ውሸቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶት ነበር። መጋዘኑ እኛ ሰፈር ነው፤ ቢገባበት ሚስትህስ የት አለች ልለው ነው። ፊቴ ከመዋረድ እንጀራውን መተው ቀለለው። እኔም በላሁ እንጂ አንድ ቀን እስቲ ፎቶዋን አሳየኝ አላልኩትም።»

ማዶ አሁን መንገዱ በሚያልቅበት ከተማ ጎሚስታ እንደሆኑ ጠባቂዋ ነግራቸዋለች። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ጋሽ መዶሻ የሚሉትን ያወጡና ያወርዱ ነበር። አውቄአለሁ ቢሉ ሰውዬውን በእርጅናው ሊያዋርዱት ነው። አላወቅሁም ቢሉ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት የተሸከሙትን ምስጋና ማን ይቀበላቸዋል?

ጎሚስታው በጠባብ በር ላይ ተቀምጠው፣ የተበሳ ጎማ ውኃ ውስጥ ነክረው አረፋ ይፈልጉ ነበር። ጋሽ መዶሻ ብስክሌታቸውን ግድግዳ አስደግፈው ቆሙ።

«ማዶ» አሏቸው።

ሽማግሌው ቀና አሉ። ፊታቸው በራ፣ ወዲያው ደግሞ ጠቆረ። «አንተ? በየት በኩል መጣህ?»

«በመስመሩ።»

የማዶ እጅ ውኃው ውስጥ ቆመ። መስመሩ በዚያች ክፍል ደጃፍ እንደሚያልፍ ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ የለም። «ቤቱን አየኸው በለኛ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከውኃው ሳያነሡ።

«አየሁት። እሷን ግን አጣኋት።»

ማዶ ጎማውን ከውኃው አወጡ፣ ጠረጉት፣ ደግመው ጠረጉት።

«ሞተች እኮ» አሉ በመጨረሻ። «ሰባት ዓመት ሆናት።»

ጋሽ መዶሻ ሄልሜታቸውን አወለቁና ያን የማይታጠፍ ጉልበታቸውን እንደምንም አጥፈው ጎናቸው ተቀመጡ። እንባቸው ሳይጠሩት መጣ። «ያጽናህ ወንድሜ» አሉ። «ሳልቀብራት ቀረሁ። ይህችን ልጄን ያስተማረቻት እሷ ናት፤ ከአፏ ነጥቃ ነው የሰጠችን። ሳላመሰግናት ማለፏ ነው የሚያንገበግበኝ።»

«ሰምታሃለች» አሉ ማዶ፤ ከዚያም እንደ ልጅ አለቀሱ። ልጅቷም ቆማ መስማት አልሆነላትም፤ ደፉ ላይ ተቀምጣ አብራቸው አለቀሰች።

ጋሽ መዶሻ በመሐረባቸው አፍንጫቸውን ጠረጉ። እሳቸውም ሚስታቸውን ከቀበሩ ሦስት ዓመታቸው እንደሆነ፣ በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ከግድግዳ ጋር እንደሚያወሩ ነገሯቸው።

«ተነሥ እንሂድ» አሉ። «ብቻህን ምን ትሠራለህ?»

ማዶ እጃቸውን ጠርገው ተነሡ፣ ብስክሌቷ ዘንድ ሄዱ፣ የኋላ ጎማዋን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት።

«በዚህ ጎማ ሁለት ሽማግሌ?» አሉና መንፊያቸውን አምጥተው መንፋት ጀመሩ።