የአጋዘኑ ምሁርና የሐይቅ በጎች

እኔ ኑርዬ ሐይቅ ላይ ሃያ ዓመት ሥጋ የሸጥኩ ሰው ነኝ፤ ሥጋ በወረቀት ሲጠና ያየሁት ግን በደርግ ጊዜ፣ ታረቀኝ ከሩሲያ ሲመጣ ነው።

ልጁ ስድስት ዓመት ሙሉ በረዶ ላይ ቆሞ አጋዘን አጥንቷል። እዚያ አጋዘን እንደ በግ በመንጋ ይረባል አሉ። እርባታውን፣ በሽታውን፣ የሥጋውን ጥራት ሁሉ ጽፎ ተመረቀና የሚረባ አጋዘን ወደሌለበት አምባሰል ተመደበ። አለቃው ካድሬው ጓድ ባዬ ነው። ትምህርትህ ለበግ እንደሚሠራ በአንድ ወር ካላሳየህ ቆላ እልክሃለሁ አለው። ታረቀኝ ደግሞ ጸዳለን ካገባ ገና ሁለት ወሩ ነው። አሳዘነኝ።

የጥናቱ ነገር አጭር ነው፤ ደክሞ የታረደ ሥጋው ይጠቁራል፣ ይደርቃል፤ አርፎ የታረደ ይለሰልሳል። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ ዲግሪ የሰጠኝ የለም እንጂ።

ሁለት በግ ገዛ። አንዱን ሦስት ቀን አሳረፈ፤ ሌላውን ከውጫሌ በእግሩ አስነድቶ እንደደረሰ አሳረደ። ቀማሾቹ አራት እስላም፣ አራት ክርስቲያን ናቸው። አንዳችን የሌላውን እርድ እንደማንበላ አልጠፋውም፤ እናም ማንም እንዳይቀርበት ብሎ ያረፈውን እኔ በቢስሚላህ፣ የደከመውን ክርስቲያኑ ሥጋ ሻጭ ወልዴ በስመ አብ ብሎ አረድን። ጉዱ ገብቶኛል። የተማረ ሰው ማረም ነውር መስሎኝ ዝም አልኩ፤ ወልዴም እንደኔው።

እስላሞቹ የእኔን በሉ፣ ክርስቲያኖቹ የወልዴን። የቱ ይሻላል ሲላቸው ሁሉም የየራሱን አመሰገነ። ሁለቱን የቀመሰ ሰው የለም።

ከቀማሾቹ አንዷ አሲያ ናት፤ ምላሷ አያርፍም። ቀስ ብላ ወደ ጓድ ባዬ ዞረች። ሃይማኖት ኋላቀርነት ነው፣ እኔ የለኝም እያለ በየስብሰባው የሚያደነቁረን እሱ ነው።

«ጓድ፣ እርሰዎ ከሁለቱም የሉበት» አለችው። «በአላህ፣ ይቅመሱልንና ይፍረዱን።»

ሁለቱም ትሪ ፊቱ ቀረበ። የወልዴን ጎረሰ፣ አላመጠ፣ ዋጠ። የእኔን አነሳና አፉ ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ። መልሶ አስቀመጠው፤ ጥርሴን አሞኛል አለ። ከዚያ የታረቀኝን ወረቀት ነጥቆ ጥናቱ ተሳክቷል ብሎ ፈረመበት።

ታረቀኝ ተርፎ ነበር፤ ግን ምሁር ነዋ። ሁለቱንም ሳይቀምሱ እንዴት ይፈርማሉ ብሎ ወረቀቱን መለሰለት። አፉን በእጄ ልከድንለት ምንም አልቀረኝ። ባዬ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ፤ አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰማሁት።

«ታረቀኝ፣ እናቴ በሕይወት አለች፤ ብትሰማስ?»

ታረቀኝ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ አጥፎ፣ ኪሱ ከተተው።