የመርዶ ዋዜማ ጣና ላይ

ውዴ መጠርጠር የጀመረችው ምሳ ላይ ነው። ልጇ ሰላማዊት አብዝታ አጎረሰቻት። አንድ ጉርሻ ይሁን፤ ሐኪሙ የተቀደደላትን ዓይን አይቶ «ሞራው ለቋል፣ ከእንግዲህ አገርዎ መግባት ይችላሉ» ያለበት ቀን ነውና የደስታ ነው ይባላል። ሁለተኛውም ይሁን። ሦስተኛውና አራተኛው ተከታትሎ ሲመጣ፣ ሰላማዊት ግን አንዲት እንኳ ሳትቀምስ ትሪው ሲነሳ፣ ውዴ የልጇን እጅ አየት አደረገች።

ይህን አጎራረስ ታውቀዋለች። ደብረ ታቦር፣ እነ ውዴ ሰፈር፣ መርዶ የሚነገረው ሰው ሲኖር ከቄሱም ከዕድር ዳኛውም በፊት የምትጠራው እሷ ነበረች። ሰው ሞቶ ዘመዱ ሳይሰማ ሲቀር ነገሩ ፊቱ ላይ አይወረወርበትም። እስኪነጋ፣ ዘመድ አዝማድ እስኪሰባሰብ፣ ደግፈው የሚይዙት ክንዶች እስኪዘጋጁ ይደበቃል። እስከዚያ ግን ሐዘንተኛ መሆኑን ያላወቀውን ሐዘንተኛ የሚያቆይ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ውዴ ነበረች። በመጀመሪያ አጥግባ ታበላለች፤ ከመርዶ በኋላ እህል በአፉ አይዞርምና። ቀጥሎ ስልኩን በዘዴ ትወስዳለች። ከዚያም ጎረቤት ከማይደርስበት ቦታ ወስዳ ስታጫውተው ታመሻለች። ውሸቱን አትወደውም፤ ግን አሳምራ ትዋሸው ነበር፣ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ትንሽ ትኮራበትም ነበር።

ዛሬ ታዲያ፣ ባሕር ዳር፣ ልጇ ቤት፣ ገና እጇን ታጥባ ሳትጨርስ ሰላማዊት «እማ፣ ስልክሽ ባትሪው አልቋል፣ ቻርጅ ላድርግልሽ» አለችና ይዛው ገባች። ስልኩ ጠዋት ሙሉ ነበር። አሥር ሰዓት ሲሆን ደግሞ የውዴ ታናሽ ወንድም ይሻው ሳይጠራ ከደብረ ታቦር ከተፍ አለ።

«ምን እግር ጣለህ?» አለችው።

«ለጉዳይ መጥቼ ነው፣ እታለም። ነገ በማለዳ በመኪና ይዤሽ እገባለሁ» አለና ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ይሻው ከልጅነቱ ጀምሮ ውሸት አይሆንለትም፤ ሲዋሽ አንገቱ ይረዝማል። «እስከዚያው ሰላማዊት ሐይቁን ታሳይሽ። ጀልባ አዘጋጅቻለሁ። ጀምበር ስትጠልቅ ውሃው ላይ ሆኖ ማየት እኮ፣ ምን ልበልሽ…»

እሱ ራሱ በጀልባ ሄዶ አያውቅም።

ውዴ ስድሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ጣናን ያየችው ከሩቅ ነው። ከደብረ ታቦር በላይ ካለው ኮረብታ አፋፍ ሲቆሙ፣ ሰማዩ የጠራ ምሽት ከሆነ፣ ከፎገራ ሜዳ ባሻገር አንድ ቀጭን የሚያበራ ነገር ይታያል። እሱን እያየች ሁለት ልጆች አሳደገች፤ ቀረብ ብላ ልታየው ስትመኝ ዓይኗ ደከመ። አሁን ዓይኗም ተመለሰ፣ ጀልባውም መጣ። ሌላ ቀን ቢሆን እልል ትል ነበር።

ልቧ በመጀመሪያ የሄደው ወደ ባሏ ወደ ደምሴ ነው። ደምሴ ሰባን አልፏል፤ ብርድ ሲሆን ደረቱን ያፍነዋል። «ለአንድ ዓይን ብዬ ጥየው መጣሁ» ብላ ራሷን ረገመች። ቀጥላ ፋሲልን አሰበችው፣ በኩሯን፣ የጅቡቲን መንገድ በጭነት መኪና የሚመላለሰውን፤ አሰበችውና ወዲያው ሐሳቡን ከራሷ ላይ እንደ ዝንብ አባረረችው። ይሻውን አንቃ ይዛ «ማነው?» ብትለው ይናገር ነበር። አላለችውም። እስካልጠየቀች ድረስ ሁሉም ደህና ናቸው። ነጠላዋን ተከናነበችና ይሻውን እቤት ትታ ልጇን ተከትላ ወጣች።

ጀልባዋ ነጭ ቀለም የተቀባች፣ ከላይ ሸራ የተዘረጋባት ትንሽ ባለሞተር ናት። ባለጀልባው ዳኛቸው የሚባል፣ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገ ጨዋታ አዋቂ ጎልማሳ ነው። ውዴን በክንዷ ደግፎ አሳፈራትና ስፖንጅ የተነጠፈበት ወንበር ላይ አስቀመጣት።

«አይፍሩ፣ እናቴ። ጣና እንግዳ ያከብራል» አለ፣ ሞተሩን እያስነሳ። «ያ ክብራን ገብርኤል ነው፤ እሱ ገዳም ሴት አያስገባም። ከጎኑ ያለው እንጦስ ነው፤ እዚያ ይገባሉ። ጉማሬ ካለ አሳይዎታለሁ። ከሌለ ደግሞ ድንጋይ አሳይቼ ጉማሬ ነው እላለሁ፤ እስካሁን ያላመነኝ እንግዳ የለም።»

ውዴ ሳቋ አመለጣት። ሰላማዊትም ሳቀች፤ ከሚገባው በላይ ረዘም አድርጋ ሳቀች።

ከተማዋ ከኋላቸው ቀስ እያለች ራቀች። የዳርቻው ዘንባባ፣ ሆቴሎቹ፣ ከውሃው ዳር ተቀምጠው ዓሣ የሚበሉት ሰዎች ሁሉ አነሱ። ውሃው ከደብረ ታቦር ሲታይ እንደሚመስለው ቀጭን አልነበረም፤ ማለቂያ የለውም። ደንገል የጫነ አንድ ሰው ታንኳውን እየቀዘፈ አለፋቸው። ነጫጭ ወፎች ተከታትለው ወደ ደሴቶቹ ገቡ። ፀሐይዋ በዘጌ በኩል ዝቅ እያለች ውሃውን ሁሉ አቀላችው። ውዴ ደስ አላት። ይህን መካድ አይቻልም፤ እዚያው ፍርሃቷ መሐል ተቀምጣ ደስ አላት፣ በመደሰቷም አፈረች።

እነ ይሻው ያልተቆጣጠሩት አንድ ነገር ነበር፤ ዓይኗ ማየት መጀመሩ። ሁለት ዓመት ሙሉ የልጇ ፊት ከጉም በስተጀርባ እንዳለ ነገር ነበር የሚታያት። አሁን ያቺ የምሽት ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመታት፣ የሰላማዊት ፊት ቁልጭ ብሎ ታየ። ከንፈሯ ይስቃል። ዓይኖቿ ደርቀው፣ ጢስ ቤት እንደዋለ ሰው ቀልተዋል። ጉንጯ ላይ ያለ ልማዷ ፓውደር ተቀብታለች። ውዴ የዚህን ፊት ውስጡን አወቀችው፤ እሷ ራሷ ስንት ጊዜ ለብሳዋለች።

ለመጨረሻ ጊዜ የለበሰችው ወንዛዬ ላይ ነበር፤ አምስት ዓመት ይሆነዋል። የጎረቤቷ የፈንታነሽ ባል ለከብት ንግድ እብናት ወርዶ እዚያው ድንገት ሞተ። ሬሳው እስኪመጣ ውዴ ፈንታነሽን «ለጉልበትሽ ፍቱን ነው» ብላ ወንዛዬ ፍል ውሃ ይዛት ሄደች። ጀርባዋን እያሸች ስለ አንድ ሰካራም ደብተራ ቀልድ ነገረቻት፤ ፈንታነሽ ውሃው ውስጥ ፍርፍር ብላ ሳቀች። በማግስቱ ንጋት ላይ መርዶው ተነገረ፤ ሁሉም በወጉ ሆነ፤ ሰው ሁሉ ውዴን አመሰገነ። ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ ግን ፈንታነሽ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አስቆመቻትና «ባሌ ተገንዞ ተኝቶ እኔን አሳቅሽኝ። እሱን ሳስብ ያ ሳቄ ነው የሚሰማኝ» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ውዴ ለመርዶ ሲጠሯት እግሬን አሞኛል ትላለች።

«ሞተሩን ላጥፋውና በጸጥታ ይዩት» አለ ዳኛቸው። ሞተሩ ጸጥ አለ። ውሃው የጀልባዋን ሆድ ቀስ እያለ ይመታል። እሱም እንዳይረብሻቸው ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ።

ውዴ ከዚህ በላይ መቆየት አቃታት። ግን በቀጥታ ለመጠየቅም አፏ አልታዘዝ አላት።

«አባትሽ ይህን ቢያይ ምን ይል ይሆን?» አለች፣ ፊቷን ወደ ፀሐይዋ አድርጋ፣ በዓይኗ ጠርዝ ልጇን እያየች።

«አባዬማ 'ይኸ ሁሉ ውሃ ተኝቶ የእኛ ገብስ ይደርቃል?' ብለው ይቆጣሉ» አለች ሰላማዊት። ሳትጨነቅ ነው የተናገረችው፤ ድምፁም የራሷ ድምፅ ነበር። የውዴ ትንፋሽ መለስ አለ። ደምሴ ደህና ነው።

«ይሻው መሳፈሩን ለምን ፈራ?»

«አጎቴ እኮ የቧንቧ ውሃም ይፈራል።»

ይህንንም ሳትጨነቅ መለሰች። አንድ ሰው ቀረ። ውዴ እጇን ውሃው ውስጥ ነከረች፣ አወጣችው፣ በነጠላዋ ጠረገችው።

«ፋሲልስ?» አለች።

ሰላማዊት አፏን ከፈተች። ሳቁ እዚያው ከንፈሯ ላይ እንዳለ ነው። ወደ ውሃው ዞረች፣ ወደ ደሴቱ ዞረች፣ ከዚያ «እዚህ… እዚህ ጋ ኔትወርክ የለም» አለች።

ውዴ ደውዪልኝ አላለቻትም ነበር።

ፀሐይዋ ከዘጌ ዛፎች ጀርባ ገባች። ፋሲል ነው። ውዴ ሆዷ ውስጥ አንድ ነገር ተበጠሰ፤ ያማጠችው ቦታ፣ ከሠላሳ ስድስት ዓመት በፊት እሱን የያዘው ቦታ፣ እዚያው ላይ ተበጠሰ። መጮህ ፈለገች። ከጀልባዋ መውረድ፣ በውሃው ላይ በእግሯ መሄድ፣ እሱ ካለበት መድረስ ፈለገች። ሁለት እጇን ጭኗ ላይ ጫን አድርጋ ቀና ስትል የልጇን ፊት አየች። ያ ሳቅ አሁንም አልወረደም። ሰላማዊት ማውረዱን የረሳችው ይመስል ነበር።

«ሳቁን ተይው፣ ልጄ» አለቻት ውዴ። «ይብቃሽ። ፊትሽ ይረፍ።»

«ምን… ምን ሳቅ እማ?»

«መኪናው ነው?»

ሰላማዊት የወንበሩን ጠርዝ ያዘች። «አዎ» አለች። «ትናንት ማታ። አፋር በረሃ ላይ ተገለበጠ። አስከሬኑ መንገድ ላይ ነው፤ ጠዋት ደብረ ታቦር ይደርሳል። እንዳልነግርሽ አስምለውኛል። አጎቴ ዘመድ ሳይሰበሰብ እንዳትሰማ አለ። እማዬ፣ ይቅር በዪኝ፣ አሳቅኩሽ…»

ውዴ አላስጨረሰቻትም። «አንቺንስ ማን ነገረሽ?»

«እኔን?»

«አዎ፣ አንቺን። ማን አረዳሽ? ማን ያዘሽ?»

ሰላማዊት ጥያቄው ያልገባት ያህል አየቻት። «ማንም አልያዘኝም። ጠዋት ቢሮ ነበርኩ፣ ባለጉዳይ ፊቴ ቆሞ። የማላውቀው ሰው ደወለ። 'የፋሲል እህት ነሽ? ፋሲል ሞቷል፣ ለቤተሰብ አሳውቂ' አለኝና ዘጋው። ባለጉዳዩን ጨርሼ ሸኘሁት። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ ለአጎቴ ደወልኩ። ከዚያ አንቺን ከሐኪም ቤት የማመጣበት ሰዓት ደረሰ።»

«አላለቀስሽም?»

«ዓይኔ ካበጠ ታውቂብኛለሽ ብዬ።»

ውዴ ይህን ሰምታ በራሷ ተናደደች፤ በይሻውም፣ በሠላሳ ዓመት ሥራዋም ተናደደች። ለስንቱ ሰው መርዶውን በወጉ አስነገረች! ማን በቀኝ፣ ማን በግራ እንደሚይዝ፣ ውሃው የት እንደሚቀመጥ፣ ማን አፉን እንደሚከፍት ስትደለድል ኖረች። ወሬውን ተሸክሞ የሚመጣው ሰው ግን እሱስ ከማን ሰማው ብላ ጠይቃ አታውቅም። ወንድም የሞተባት ልጇ፣ አንድ ወንድሟ የሞተባት ልጇ፣ ከጠዋት ጀምሮ ብቻዋን ቆማለች።

ተነሳች። ጀልባዋ ተወዛወዘች።

«ይቀመጡ፣ እናቴ፣ ይወድቃሉ» አለ ዳኛቸው ዞር ብሎ። ፊታቸውን ሲያይ ተመልሶ ጀርባውን ሰጠ።

ውዴ ከልጇ ፊት በጉልበቷ ተንበረከከች። ሁለት ሰው የሚይዘውን እሷ ብቻዋን፣ ቀኙንም ግራውንም ክንድ ግጥም አድርጋ ያዘች። ድምጿን አስተካከለች፤ ለሰው ስታስነግር የኖረችውን ለራሷ ልጅ ልትናገር ነውና ድምጿ እንዳይሰበር ለመነች።

«ልጄ ሰላማዊት» አለች፣ ቀስ ብላ፣ እያንዳንዱን ቃል ለብቻው እያወጣች። «ይዤሻለሁ። አለሁልሽ። ወንድምሽ ፋሲል አርፏል።»

ሰላማዊት ገና አሁን የሰማች ያህል እናቷን አፍጥጣ አየቻት። ከዚያ ያ ሳቅ ከፊቷ ወረደና «ወንድሜን!» ብላ ጮኸች። ጩኸቱ ሐይቁን አቋርጦ ሄደ። ደረቷን ልትመታ፣ ፊቷን ልትቧጥጥ ታገለች፤ ውዴ አልለቀቀቻትም። «አልቅሺ» አለቻት። «አልቅሺው፣ ወንድምሽ ነው። አልቅሺ።» ዳኛቸው ባርኔጣውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ፤ ሞተሩን አላስነሳም።

ሰላማዊት ድምጿ እስኪዘጋ ድረስ አለቀሰች። ውሃው ጠቆረ፤ የከተማዋ መብራቶች ዳር ዳሩን በሩ። የልጇ ትንፋሽ ረጋ ማለት ሲጀምር የውዴ ክንዶች መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ከትከሻዋ ወደ ጉልበቷ ወረደ፣ ከዚያ መላ ሰውነቷ ተንቀጠቀጠ። ሰላማዊት ይህን ስታይ ከወንበሩ ወረደች፣ ጀልባዋ ወለል ላይ ተንበረከከች፣ የእናቷን ሁለት ክንዶች ያዘች።

«እማዬ» አለች። «ይዤሻለሁ።»