በሳህኑ ጥግ የቀረው

እትዬ ፈትለወርቅ ምስጋና አይቀበሉም። ዴንቨር ከተማ፣ ሞንትቤሎ ሰፈር ባለው ቤታቸው በእንግድነት በቆየሁባቸው አራት ቀናት «እግዚአብሔር ይስጥ...» ብዬ በጀመርኩ ቁጥር «ተይ እባክሽ!» እያሉ ወደ ሌላ ወሬ ይሻገሩ ነበር። ዓርብ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ስለምመለስ፣ የቀረኝ ዕድል የሐሙስ ምሽት ብቻ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት እናቴ ለሕክምና ዴንቨር ስትገባ፣ ሊቀበላት ቃል የገባው ዘመድ አልመጣም። ከአውሮፕላኑ በር ጀምሮ ዊልቼሯን የገፉት የአየር ማረፊያው ሠራተኛ እትዬ ፈትለወርቅ ነበሩ። የሥራ ሰዓታቸው ካለቀ በኋላ ሁለት ሰዓት አብረዋት ጠበቁ፤ ከዚያም ወደ ቤታቸው ወሰዷት። እኔ ቪዛ ተከልክዬ አገር ቤት ስቀር፣ እሳቸው ኦሮራ ወዳለው ሆስፒታል እያመላለሱ ሰባት ወር አስታመሟት። ዓይኗን የከደኑላትም እሳቸው ናቸው።

ሕግ አስተምራለሁ፤ ቃል መመዘን ሙያዬ ነው። ለዚህ ግን የሚመጥን ቃል አላገኘሁም። ስለዚህ በከተማው ከሚገኙት ምግብ ቤቶች እጅግ የተመሰገነውን ፈልጌ እራት ጋበዝኳቸው።

ምግብ ቤቱ የሰሜን አውሮፓን ምግብ በዘጠኝ ዙር ያቀርባል። ምርጫ የለም፤ እንግዳው የሚበላው ወጥ ቤቱ ያሰበለትን ነው። ስንገባ እትዬ ፈትለወርቅ የወንበሩን መደገፊያ በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ተቀመጪ፣ ልግፋሽ» አሉኝ።

«ዛሬስ እርስዎ ይቀመጡ።»

«መግፋት እንጂ መገፋት አላውቅበትም» ብለው እየሳቁ ተቀመጡ።

መጀመሪያ የመጣው በጋለ ጥቁር ድንጋይ ላይ የተቀመጠ አንድ ቁራጭ የአጃ ዳቦ ነበር።

«ድንጋዩም ይበላል?»

«አይበላም፤ ዳቦው እንዳይቀዘቅዝ ነው።»

«እኔ ደግሞ አጥንቱ መስሎኝ።»

ዳቦውን ወደ ሳህናቸው አንሥተው በሉ፤ ጥቂት አስቀርተው ሳህናቸውን ወደ መሐል ገፉ። አስተናጋጁ ድንጋዩን ትቶ ሳህኑን አነሣ። ቀጥሎ የእንስላል ዘይት ጠብ ጠብ የተደረገበት ነጭ ፈሳሽ ቀረበ። ቀምሰው ፊታቸው በራ። «ይኼማ አሬራ ነው! ይኼን ያህል አገር ያቋረጥነው አሬራ ልንጠጣ ነው?» አሉ። ሆኖም ከእሱም አንድ ማንኪያ ያህል አስተርፈው ገፉት። በጢስ ከበሰለው ዓሣም አስቀሩ፤ ከቀይ ሥሩም እንዲሁ። ስድስት ጊዜ አስቀሩ፤ ስድስት ጊዜ ገፉ። እኔም ሳህኑ በተነሣ ቁጥር አፈርኩ። ደስ ይበላቸው ብዬ ያመጣኋቸው ሴት፣ ለእኔ ሲሉ ከማይወዱት ምግብ ጋር የሚታገሉ መሰለኝ።

ከስድስተኛው ዙር በኋላ ዋናዋ ወጥ ሠሪ ራሷ ከወጥ ቤት ወጥታ መጣች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አነጋገረችኝ።

«ምን ትላለች?» አሉ እትዬ ፈትለወርቅ።

«ምግቡ ካልተስማማዎት ሌላ ልሥራልዎ ነው የምትለው።»

«በስመ አብ! እጅ ያስቆረጥማል በያት።»

«ታዲያ ለምን ያስተርፋሉ?»

«ላንቺ ነዋ! ስገፋልሽ ዝም ብለሽ ታስወስጂዋለሽ። እኔማ ኩራትሽ ነው ብዬ ታዘብኩሽ።»

ግራ እንደተጋባሁ ስላዩ፣ ሹካቸውን አስቀምጠው በቀስታ ነገሩኝ።

«እናትሽ ሕመሙ ከጠናባት ወዲያ፣ ከምትቀምሰው ሁሉ አንዲት ጉርሻ ከሳህኑ ጥግ ታስቀር ነበር። ‹ምንትዋብ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ትበላዋለች› ትለኛለች። አንቺ የት፣ እሷ የት! ልደፋው ብል እጄ እንቢ አለኝ። ስለዚህ ዘወር ብዬ እበላዋለሁ። በማግስቱ ‹በላች?› ስትለኝ ‹በላች› እላታለሁ። እስክታርፍ ድረስ ድርሻሽን የበላሁት እኔ ነኝ።»

እናቴ ሳህኗን ጨርሳ ስትበላ አይቻት እንደማላውቅ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠረጴዛው ላይ በሌላ ሳህን የተከደነ ምግብ ይጠብቀኝ ነበር። ከየት እንደተቀነሰ ጠይቄ አላውቅም።

ወጥ ሠሪዋ ቆማ ትጠብቅ ስለነበር የሰማሁትን ቃል በቃል ነገርኳት። እሷም አስተናጋጁን ጠርታ፣ እኔ ካልፈቀድኩ ከዚህ ጠረጴዛ ሳህን እንዳይነሣ አዘዘችው።

በሰባተኛውና በስምንተኛው ዙር የተገፋልኝን ሁሉ በላሁ። መጨረሻ በማር የተጠበሰ ፖም ቀረበ። እትዬ ፈትለወርቅ ቀስ ብለው በሉ፤ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቁራጭ ከጥጉ አስቀርተው ሳህኑን ገፉልኝ። ማንኪያውን ተውኩና ቁራጯን በጣቴ አንሥቼ በላኋት።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩ። አላቋረጡኝም።

«አሜን» አሉ።

በመስኮቱ በኩል የምትጠልቀው ፀሐይ ጠረጴዛችን ላይ ደርሳ ነበር። እትዬ ፈትለወርቅ ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉና ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ እዚያው ወደተቀመጠው ጥቁር ድንጋይ እየጠቆሙ፣

«ይኼንንስ ማን ሊጨርሰው ነው?» አሉኝ።