የአብዱልወሀብ ባሕር ዛፎችና የሳፊያ ሽቦ

አብዱልወሀብ ከደሴ ወደ ገራዶ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከቤቱ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ባሕር ዛፍ ሲተክል ሰፈርተኛው ስቆበት ነበር። ዛፎቹ ግን ያዙ። በየክረምቱ እየተናደ ቤቱን ያሰጋ የነበረውን አፈርም ቀጥ አድርገው አቆሙለት። ከዚያ ወዲህ ለምሰሶ የሚጠይቀውን ሁሉ ከደጅ ይመልሳል።

ልጁ ሳፊያ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ናት። ዩኒቨርሲቲ ሳለች የራዲዮ ክበብ ገብታ፣ በአየር ሞገድ ከሩቅ አገር ሰዎች ጋር መነጋገር ተምራ ፈቃድ አውጥታለች። የኪራይ ቤቷ አንቴና የሚዘረጋበት ቦታ ስላልነበረው፣ ሚሊኒየሙ ከተከበረ በኋላ በመጣው ክረምት መሣሪያዋን ይዛ ደሴ አባቷ ቤት ወጣች።

የአንቴናውን ሽቦ ቸኩላ በሁለት ዛፎች መካከል አሰረችው። ሲዘንብ እርጥቡ ቅጠል ሽቦው ላይ ይተኛል፤ ያን ጊዜ የሰው ድምፅ ይደክምና ሽሽ የሚል ጫጫታ ብቻ ይቀራል። ነፋስ ሲነሳ ደግሞ ዛፎቹ እየተወዛወዙ በጠሱት። ብትቀጥለውም መልሶ ተበጠሰ። አብዱልወሀብ የልጁን ፊት ሲያይ መጥረቢያውን አወጣ።

«የቱ ነው የሚከለክልሽ? አሳዪኝና ልጣለው» አላት።

ሳፊያ መጥረቢያውን ተቀብላ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው።

«አባ፣ ጥፋቱ የዛፉ ሳይሆን የኔ ነው። እኔ የምሠራበት ሞገድ ረጅም ስለሆነ ዛፍ ብዙም አያግደውም። ሽቦው ከፍ ይበል፣ ቅጠል አይንካው፣ በቃ። እነዚህን ቢቆርጡብኝማ የት ልሰቅለው ነው?»

መላውንም ነገረችው። ሽቦው ከግንዱ ጋር አይታሰርም፤ ጫፉ ላይ ገመድ ይቀጠላል። ገመዱ ዛፉ ላይ በተሰቀለች ፑሊ በምትባል ትንሽ መንኩራኩር አልፎ ይወርድና ድንጋይ ይንጠለጠልበታል። ዛፉ ሲወዛወዝ ድንጋዩ ወጣ ወረድ ይላል እንጂ ሽቦው አይበጠስም።

ፑሊውን የሚሰቅል ሰው ግን ታጣ። ሳፊያ ፀሐይ ግንዱን እስኪያደርቀው ጠብቃ የፋብሪካ ሱሪዋን ለበሰች፤ ሻሿን አጥብቃ፣ ገመዱን ወገቧ ላይ ጠምጥማ ራሷ ወጣች። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። ጎረቤቱ ዳምጤ ወደ አብዱልወሀብ ጠጋ ብሎ፣ ሴት ልጅ ዛፍ ላይ ስትንጠላጠል ዝም ብሎ ማየት ደግ እንዳልሆነ በለሆሳስ መከረው። አብዱልወሀብ ዓይኑን ከልጁ ላይ አልነቀለም። ደረቱም ተነፍቷል።

«ልጄ ናት፣ ዳምጤ» አለው። «ይልቅ ና፣ ገመዱን ያዝልን።»

ዳምጤም አንገራግሮ ያዘ።

በማግስቱ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሳለ ሳፊያ አባቷን ጠራችው። ከመሣሪያው የአንድ ሰው ድምፅ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ከቡልጋሪያ ነው አለችው። እሷ በእንግሊዝኛ ስትመልስ አብዱልወሀብ የገባችው «ደሴ» የምትለዋ ቃል ብቻ ናት። ሰውየውም አፉ እየተያዘ «ደሴ» ሲል ደገማት። ቀጥሎ አንድ ነገር ጠየቃት፤ ሳፊያ ፈገግ ብላ መለሰችለት።

«ምን አለሽ?»

«አንቴናሽን በምን ምሰሶ ሰቀልሽው አለኝ። አባቴ በተከላቸው ዛፎች አልኩት።»

አብዱልወሀብ «ማሻአላህ!» አለ።

በሳምንቱ ሳፊያ ከኮምቦልቻ ስትመለስ፣ አባቷ ወደ ሽቦው የተጠጉትን ቅርንጫፎች አስመልምሎ፣ ከፒያሳ ድረስ ላመጣቸው ሁለት ወዳጆቹ እርጥብ ቅጠል ሽቦ ቢነካ ምን እንደሚያመጣ እጁን እያወናጨፈ ሲያስረዳ አገኘችው።