አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ

መካኒኩ ከአሮጌዋ መኪና ሥር በጀርባው ተንጋሎ፣ የእጅ ባትሪውን በጥርሱ ነክሶ የፍሪሲዮኑን ዘንግ ሲነቀንቅ አንድ ነገር ከላይ ወርዶ ደረቱ ላይ ጠብ አለ። አንስቶ በባትሪው ብርሃን አየው። ግማሽ ሚስማር ነበር።

ክው አለ። ሚስማሩን ያውቀዋል። እንዴት አያውቀው! ራሱ ነው በመጋዝ ቆርጦ የከተተው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሪሲዮን ሲረገጥ ፔዳሉ ዘንጉን ይገፋል፣ ሞተሩም ከጎማው ይላቀቃል፤ ሁለቱን የምታያይዛቸው ደግሞ ትንሽ ጣት የምታክል አንዲት ፒን ናት። ከዘጠኝ ወር በፊት አንድ ቅዳሜ፣ ያቺ ፒን ተበልታ አልቃ፣ ቀዳዳዋም ሰፍቶ መኪናዋ ወደ ጋራዡ መጣች። ለእንዲህ ያለች ዕድሜ ጠገብ መኪና ፒን ከገበያ አይገኝም፤ ቶርኖ ቤት ሄዶ ማስቀረጽ ነበረበት። ቶርኖ ቤቱ ሩቅ ነው፣ ኳስ ጨዋታው ደግሞ ሊጀምር ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። "እስከ ሰኞ ምን ይሆናል?" አለና ወፍራም ሚስማር ቆርጦ ሰካበት። ሰኞ መጣ፣ ሰኞ ሄደ፣ እሱም ረሳው። ባለመኪናው "ተሠራች?" ብለው ሲጠይቁት ግን አፉን ሞልቶ "መቶ በመቶ!" ብሏቸው ነበር። ሰፈርተኛው "መቶ በመቶ" እያለ የሚጠራውም ለዚሁ ነው፤ ሰውየው ሌላ መልስ አያውቅም።

"ምን አገኘህ?" አሉ ባለመኪናው፣ በሩ አጠገብ አሮጌ ጎማ ላይ እንደተቀመጡ።

"ገና ነኝ አባባ።"

ሽማግሌው ልብስ ሰፊ ናቸው። አርባ ዓመት የስፌት መኪና ሲረግጡ የኖሩ፣ መርፌዋን ከፈለጉበት ነጥብ ላይ በእግራቸው ቀጥ አድርገው የሚያቆሙ ሰው። ታዲያ መኪናዋ ከጋራዥ በወጣች በሦስተኛው ሳምንት፣ አንድ ጠዋት ሞተር አስነሥተው፣ ፍሪሲዮን ረግጠው፣ ማርሽ አስገብተው፣ ባለቤታቸው የግቢውን በር እስኪከፍቱላቸው ይጠብቁ ነበር። መኪናዋ ዘለለች። ሴትዮዋን ከብረት በሩ ጋር አጣበቀቻቸው። ቀኝ እግራቸው ከጉልበታቸው በታች ተቆረጠ። መኪናዋ ከዚያ ወዲህ ሸራ ለብሳ ቆማ፣ ዛሬ ልጃቸው ገዢ አግኝታላት በሰንሰለት አስጎትታ አመጣቻት።

"ጋሼ፣ ነገ ገዢው ሳይመጣ ትድረስልኝ" አለች ልጅቷ ሰዓቷን እያየች። "ብቻ ትንቀሳቀስ። ዓይኗን ማየት አስጠልቶኛል።"

"እኔ የምለው" አሉ አባትየው ቀስ ብለው፣ "ፔዳሉ ተንጠልጥሏል። ተበጥሶ ነው የዘለለችው፣ ወይስ ዘልላ ነው የተበጠሰው?"

"አባዬ፣ ደግሞ ጀመርክ?" ልጅቷ ጮኸች። "በተሠራች በሦስት ሳምንቷ ምን ብረት ነው የሚበጠሰው? ጋሼ የሠሩት መቼ ተበጥሶ ያውቃል? እግርህ ነው! እናቴን ለምርኩዝ ዳርገህ ብረት ላይ ታላክካለህ?"

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ልጅቷ "ስትጨርሱ ደውሉልኝ" ብላ ወጣች። መካኒኩ መኪናዋ ሥር ሆኖ ጫማዋ ሲርቅ አየ።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ወደ እሱ ተጠጉ። "ልጄ፣ እሷ ትበለኝ ግዴለም። እናቷ ግን አንድ ቀን አልወቀሰችኝም። 'ያንተን እግር እኔ አውቀዋለሁ፤ ብረቱ ነው' ትለኛለች። ስምንት ወር ሙሉ! እኔ ነኝ እግሬን ማመን ያቃተኝ። የስፌት መኪናዬን እንኳ ከዚያ ወዲህ አልረገጥኩም። ቁርጡን ንገረኝ። እግሬም ከሆነ እችለዋለሁ።"

መካኒኩን ላብ አጠመቀው። ሁለት ቃል ነበር የሚበቃው፤ ብረቱ ነው። ግን ብረቱ ነው ካለ "ማን ሠራው?" ይከተላል። ልጅቷ ደግሞ እንደ አባቷ የዋህ አይደለችም። ፖሊሱም፣ ፍርድ ቤቱም፣ የታሸገው ጋራዥም ባንዴ ታየው። ሚስማሩን ቱታው ኪስ ውስጥ ከተተ።

"ልየውና እነግርዎታለሁ" አለ።

ያን ቀን እንደሠራው ሥራ በዕድሜው ሠርቶ አያውቅም። ቶርኖ ቤት በእግሩ ሄዶ ፒን አስቀረጸ። የሰፋውን ቀዳዳ በብየዳ ሞልቶ እንደገና በሳ፣ ግራሶ ቀባ፣ ፒኗ እንዳትወጣ ጫፏን ቆለፈ። ፔዳሉን ሲረግጠው ልስልስ ብሎ ወረደ፣ ልስልስ ብሎ ተመለሰ። ሥራውንስ ያውቅበታል፣ ይህ ጉደኛ!

"እንግዲህ አሮጌዋን ፒን ስጠኝ" አሉ ሽማግሌው፣ ግድግዳውን በአገጫቸው እያመለከቱ። ግድግዳው ላይ በመካኒኩ በራሱ እጅ፣ በቀይ ቀለም፣ "አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ ይመለሳል" ተብሎ ተጽፏል። አጭበረበረ እንዳይባል ያወጣው ደንብ ነው፤ የፈታውን ሁሉ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሳያስረክብ ሰው አያሰናብትም።

መካኒኩ ጀርባውን ሰጥቶ የአሮጌ ብረት ጣሳውን አገላበጠ። ከሌሎች መኪናዎች የወለቁ ፒኖች ነበሩ። አንዷ ተበልታ ወገቧ ቀጥኗል። ያዛት። እሷን ቢሰጣቸው ሽማግሌው ነፃ ይወጣሉ። ግን "ታዲያ ያኔ ሠራሁ ያልከው ምኑን ነው?" ይመጣል። መልሶ ጣላት። ጭረት እንኳ የሌላት ጤነኛ ፒን መረጠ፣ በአሮጌ ግራሶ አሻት፣ በጋዜጣ ጠቀለላት።

ሽማግሌው ፈተው በአውራ ጣታቸው ዳር እስከ ዳር ዳሰሷት።

"ይህቺ እኮ ምንም አልሆነችም።"

"አዎ አባባ። ዘንጉ የወለቀው መኪናዋ ከበሩ ጋር ስትላተም ነው።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"መቶ በመቶ።"

አላለቀሱም። ፍሪሲዮን የረገጡበትን ግራ እግራቸውን ዝቅ ብለው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት፣ የሰው ዕቃ ይመስል።

"እግሬ ነው እንግዲህ" አሉ። "እግዜር ይስጥልህ ልጄ፤ እውነቱን ሳትደብቅ ነገርከኝ።" ፒኗን መልሰው ጠቅልለው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱና ተነሡ።

"ወዴት ነው? ልጅዎ ትምጣ እንጂ።"

"ቤት። ለባለቤቴ ላሳያት። ስምንት ወር ሙሉ በከንቱ ተሟገተችልኝ፣ ምስኪን።"

መካኒኩ እጁን ኪሱ ከተተ። ግማሹ ሚስማር ጣቱን ወጋው። ሽማግሌው ቀስ እያሉ በሩ ጋ ደርሰዋል።

"አባባ!" ብሎ ጮኸ።

ዞሩ። ፊታቸው ላይ አንዲት ነገር ብልጭ አለች። "አቤት ልጄ?"

ሚስማሩን በጭብጡ ጨበጠው።

"ደጁ ላይ ዘይት ፈሷል" አለ። "እግርዎን ይጠብቁ።"