የማሽኑ ቀበቶ

አዋላጇና የማዋለጃ ክፍሉ ኃላፊ ሐኪም ዓይንና ናጫ ከሆኑ ቆይተዋል። የዚያን ቀን ረፋድ ጠቡ የተነሳው የመጀመሪያ ልጇን በምታምጥ አንዲት ሴት ነው።

ሴትየዋ ጤነኛ ናት፤ እርግዝናዋም እንከን አልነበረውም። አዋላጇ ኮሪደሩ ላይ እያንሸራሸረቻት፣ በየሩብ ሰዓቱ ምጡ ለቀቅ ሲያደርጋት የእጅ ማዳመጫውን ሆዷ ላይ አድርጋ የፅንሱን የልብ ምት አንድ ደቂቃ ሙሉ ትቆጥራለች። ለጤነኛ ምጥ መመሪያው የሚለውም ይህንኑ ነው።

ሐኪሙ ብቅ ሲል ፊቱ ተለዋወጠ።

«ማን ነው ያስነሳት? አስተኝተሽ የልብ ምት መከታተያ ማሽኑን እሰሪላት!»

«ዶክተር፣ ምንም የሚያሰጋ ነገር የለባትም። የማሽኑ ቀበቶ አልጋ ላይ ጠፍሮ ያስቀራታል እንጂ...»

«ሥራዬን ልታስተምሪኝ ነው?»

የሴትየዋ አማት ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ማሽን ተገትሮ በጆሮ? የልጄን ልጅ መለማመጃ አደረግሽው?»

«እማማ፣ እስቲ እሷን እንጠይቃት» አለች አዋላጇ ንዴቷን ዋጥ አድርጋ።

ሴትየዋ ግድግዳውን ተደግፋ «ስተኛ ወገቤ ሊቆረጥ ይደርሳል። ተዉኝ፣ ልቁም!» አለች።

«ዝም በይ! አንቺ ምን ታውቂያለሽ!» አሉ አማቷ።

ሐኪሙ «አንድ ነገር ቢፈጠር ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ» ብሎ በሩን አላግቶት ወጣ።

ከሰዓታት በኋላ፣ ሴትየዋ ልጁን መግፋት እንደጀመረች፣ የፅንሱ የልብ ምት ከመቶ በታች ወርዶ ለመመለስ ዘገየ። አዋላጇ በግራ ጎኗ አስተኝታት ደግማ ብታዳምጥም ያው ነው። ወደ ሴትየዋ ጎንበስ አለች።

«የልጁ የልብ ምት እየቀነሰ ነው። አሁን ማሽኑ ያስፈልገናል፤ ልሰረው?»

«እሰሪው» አለች ሴትየዋ የአዋላጇን እጅ ጭምቅ አድርጋ።

ሐኪሙ ተጠርቶ ሲመጣ ማሽኑ ያተመውን ወረቀት አይቶ ፈገግ አለ። «ጉራሽ የት ገባ?»

«በኋላ ይስደቡኝ። የማህፀን በሯ ተከፍቷል፣ ጭንቅላቱም ወርዷል። ያውጡልን!»

ሐኪሙ ልጁን ጭንቅላቱ ላይ በሚጣበቅ መሳቢያ፣ በቫኪዩም ስቦ አወጣው። እትብቱ አንገቱ ላይ ሁለት ዙር ተጠምጥሟል። ትንሽ ቆይቶ ልጁ ክፍሉን በጩኸት ሞላው። አማትየዋ የሐኪሙን እጅ ሳሙ፤ አዋላጇን ግን ዞር ብለውም አላዩ።

በማግስቱ ሐኪሙ የጻፈው «ማሽን በማዘግየት» የሚል የክስ ደብዳቤ ለአዋላጇ ደረሳት። እሷም በየሩብ ሰዓቱ የሞላችውን ቅጽ አያይዛ መልስ ሰጠች። የሆስፒታሉ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ሐኪሙን ጠርቶ «የትኛው ሰዓት ላይ ነው ያጠፋችው?» ቢለው፣ ቅጹን ከላይ እስከ ታች አገላብጦ አንድም የተዘለለ ሰዓት ሳያገኝ መልሶ ሰጣቸው። ክሱ ተሰረዘ።

ሰላምታ ግን የላቸውም። እሱ ሲመጣ እሷ መንገድ አትለቅም፤ ትከሻዋን ገጭቶ ያልፋል።