ወሽመላ አማራት

ኡሙልኸይር ወሽመላ አማራት። ገላን ኮንዶሚኒየም ግቢያችን ውስጥ ለጌጥ የተተከለችውን ወሽመላ ደግሞ ልጆቹ ጥሬዋን ሳይቀር ጨርሰዋታል። እርጉዝ አምሯት ስታጣ ማየት አልወድም፤ ያውም እሷ። የፊተኛው ፅንስ ስድስት ወር ሞልቶት ነው የወረደባት። ያን ጊዜ አጠገቧ ነበርኩ፤ ድጋሚ እንዳታሳየኝ እያልኩ ስለቴን ለአቦ ተናግሬያለሁ።

ፎቁ በሙሉ ፍለጋ ወጣ። ለእርጉዝ ከለከለች መባልን ማን ይፈልጋል? አንዷ ሎሚ፣ አንዷ ጥሬ ማንጎ በሚጥሚጣ ይዛላት መጣች። እሷ ግን ወሽመላዋን ነው።

ዓርብ አመሻሽ ላይ ከገበያ ስመለስ ደረጃው ላይ የፍሬ ዘር ረገጥኩ። እሰይ፣ ተገኘላት አልኩ። ቀጥሎ ያለውን ጎንበስ ብዬ አነሳሁት። የወሽመላ ዘር ትልቅና ልሙጥ ነው። ይሄኛው ትንሽ ነው፣ እንደ አጥንት የጠነከረ፣ ዙሪያውን የተሸነተረ።

ይህን ዘር አውቀዋለሁ። አምና ለፋሲካ የገዛሁትን በግ ከአጥሩ ውጪ፣ ኒም የሚሉት ዛፍ ሥር አስሬው ነበር። የረገፈውን ቢጫ ፍሬ ሲለቅም ዋለ። በማግስቱ እየተንቀጠቀጠ፣ አረፋ እየደፈቀ ሞተ። ለሰፈሩ ሁሉ ተናገርኩ፤ ማን ይስማኝ! ኒም መድኃኒት ነው አሉኝ። የኡሙልኸይር ባል ሀይረዲን ደግሞ ከሱቁ ብቅ ብሎ፣ "እትዬ ፈለቀች፣ የታመመ በግ ሸጠውልዎት ነው እንጂ! ወፉ ቀኑን ሙሉ ሲበላው አይደል የሚውለው?" ብሎ ሳቀብኝ። ወፍ ከበላው ለሰውም ይሆናል፤ የሁሉም እውቀት ይቺው ናት። ሰውና ወፍ አንድ ሆድ ያላቸው ይመስል!

ዘሮቹ እስከ አራተኛ ፎቅ ድረስ ተንጠባጥበዋል። እየሮጥኩ ወጣሁና በሩን ደበደብኩ። ሀይረዲን ፈገግ ብሎ ከፈተልኝ።

"ከጁምዓ ስመለስ አጥሩ ጋ ቀጠፍኩላት። ወሽመላ ባይሆንም በጣም ወደደችው። ታች ድረስ ወርዳ ነው የተቀበለችኝ፣ ደረጃውን እየበላች ወጣች።"

"በጌን የገደለው እሱ ነው! መኪና ጥራ! አሁኑኑ!"

ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። ከዚያ በባዶ እግሩ ደረጃውን ወረደው።

ኡሙልኸይር ፍራሹ ላይ ግድግዳውን ተደግፋለች። ከንፈሯ ነጥቷል፤ ግንባሯን አልቦታል። ጎኗ ያለው ፌስታል ባዶ ነው።

"ምን ያህል በላሽ?"

"ሁሉንም ነዋ። ትንሽ መረር ይላል እንጂ..." ሆዷን ዳበሰች። "አምሮቱ የሱ ነበር ለካ፣ እትዬ። ሌት ተቀን ሲራገጥ የነበረው ልጅ ከበላሁ ወዲህ ፀጥ ብሎ ተኛልኝ። ይንኩት እስቲ።"

እጄን ወስዳ ሆዷ ላይ አደረገችው። እሷ ትስቃለች። እኔ አንድ ጊዜ እንኳ እንዲራገጥ እጠብቃለሁ።